በሰፈራችሁ ለልጆች የሚሸጠውን ቬፕ፣ ሺሻና ባለ ጣዕም ሲጋራ እንዴት ማስቆም ይቻላል?

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ልብሱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ጅማ ላይ ማንጎ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ልብ አላለውም። በሦስተኛው ቀን ግን ቦርሳው ውስጥ ፍላሽ የሚመስል፣ ቀለሙ የደመቀ ዕቃ ተገኘ። ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ከየት ገዛኸው ሲባል የጠራው ሱቅ እኛው የስልክ ቻርጀር የምንገዛበት ሱቅ ነበር።

ከጎረቤት ጋር ሆነን የሄድንበትን መንገድ ላካፍላችሁ። ሄርማታ ብትኖሩም፣ ኮቺ ብትኖሩም፣ ቦሳም ሆነ ጅሬን፣ ለሰፈራችሁ ይሆናል።

1. መጀመሪያ ሕጉን እጃችሁ ላይ አድርጉ

ብዙ ሰው «መሸጡ ደስ አይልም እንጂ ሕጋዊ ነው» ብሎ ያስባል። ስህተት ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ማንኛውንም የትምባሆ ምርት መሸጥ ይከለክላል። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ደግሞ ለትልቅ ሰውም ቢሆን አይሸጥም። ሺሻና ቬፕም እንደዚያው ናቸው። ሲጋራን በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው። ይሄ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ፓኬት መግዛት የማይችል ልጅ አንድ ፍሬ በምሳ ገንዘቡ ይገዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሜንቶል (የናና ዓይነት ጣዕም ያለው) ሲጋራ ክልከላ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ባለ ጣዕም ትምባሆን የከለከለው የእኛ አዋጅ ግን እ.ኤ.አ. በ2019፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ጸድቋል። ወረቀቱ ላይ ቀድመናል፤ የቀረን ሱቁ ላይ ማድረስ ነው።

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ታትሟል። ትምባሆን የሚመለከቱትን ገጾች ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ። ባዶ እጅ ሄዶ «ክልክል ነው» ማለትና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በጣም ይለያያሉ።

2. ዕቃውን መለየት ተማሩ

የማታውቁትን ነገር ማስቆም አትችሉም። እኔም ቬፑን በእጄ እስክይዘው ድረስ አላውቀውም ነበር።

ቬፕ ፍላሽ፣ ማርከር ወይም ትንሽ የሽቶ ዕቃ ይመስላል። አመድ የለውም። የሲጋራ ሽታም አይሸትም። ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ ማስቲካ ነው የሚሸተው። ከረሜላ የሚሸት ነገር ጉሮሮን የማይከረክር ስለሆነ ልጆቹ «ውኃ እኮ ነው» ይሏችኋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኒኮቲን (ሱስ የሚያስይዘው ነገር) ጉሮሮ እንዳያቃጥል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይሰማው ብዙ ይስባል።

ባለ ጣዕም ሲጋራ ሲሆን ማሸጊያው ላይ «ሜንቶል» የሚል ጽሑፍ ወይም የናና ቅጠል ሥዕል ፈልጉ። አንዳንዱ ፊልተሩ ውስጥ ትንሽ ኳስ አለችው፤ በጣት ሲጫኗት ትፈነዳና ጣዕሙ ይወጣል። ሜንቶል ጉሮሮን ያቀዘቅዛል። አዲስ አጫሽ የመጀመሪያውን ሲጋራ ስቦ ሲያስለው «ሁለተኛ አልነካም» የሚለው ሰውነቱ ስለተቆጣ ነው። ሜንቶሉ ያንን ቁጣ ዝም ያሰኘዋል። ጣዕሙን የምጠላው ለዚህ ነው።

የሺሻው ትምባሆ ደግሞ እርጥብ፣ የሚያጣብቅ፣ የፖም ወይም የወይን ሽታ ያለው ነው። «ጭሱ በውኃ ይጣራል» የሚለውን ወሬ አትመኑ። ውኃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ከሰሉም የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይጨምርበታል። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። እኛ ከተማ ሺሻ ከጫት ጋር አብሮ ስለሚመጣ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ሁለቱንም አብሮ ይለምዳል።

ሌላ ምልክት፦ በሕጉ መሠረት የሲጋራ ፓኬት ከፊትና ከኋላ 70 በመቶው በሥዕላዊ የጤና ማስጠንቀቂያ መሸፈን አለበት። ማስጠንቀቂያው ከሌለ ወይም በሌላ አገር ቋንቋ ብቻ ከሆነ በኮንትሮባንድ የገባ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

3. የት፣ መቼ፣ ለማን እንደሚሸጥ ጻፉ

ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያያችሁት ዕቃ። ሰዓት ላይ አተኩሩ፤ እኛ ሰፈር ሽያጩ የሚደምቀው ቀትር ላይ ፈረቃ ሲቀየር ነበር። ቦታውን ሰው በሚያውቀው ምልክት ግለጹ፤ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ፊት ለፊት» እንደሚባለው።

ልጅ ልካችሁ እንዳታስገዙ። ብዙ ሰው የሚያስበው መጀመሪያ ይሄንን ነው። ልጁን ዕቃውን አስተዋወቃችሁት ማለት ነው። የልጆችንም ፎቶ አታንሱ። የሱቁን ስም ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ነገሩን ወደ ጠብ ከመውሰድ በቀር የሚፈይደው የለም።

4. ባለሱቁን አናግሩ

ብዙዎች ይሄን ዘለው ወደ ክስ ይሄዳሉ። እኔ አትዝለሉት እላለሁ። ባለሱቁ ጎረቤት ነው። ልጆቹ ከእኛ ልጆች ጋር ነው የሚማሩት።

ብቻችሁን አትሂዱ፤ ስትበዙም አይሁን። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ የዕድር ሽማግሌ ወይም ባለሱቁ የሚያከብረው ሰው ይሁን። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ ሂዱ። ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው እልህ ይይዘዋል።

እኛ የሄድንበት ሱቅ ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው። አብረውን የሄዱት ሽማግሌ እንዲህ ብለው ጀመሩ፦

«ሐጂ፣ ልንከስዎት አልመጣንም። ይሄ ዕቃ ልጆቻችን ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። ከእርስዎ ሱቅ ነው አሉን።»

«እኔ ምን እንደሆነ መች አወቅኩት? ነጋዴው ከቻርጀሩ ጋር አምጥቶ ሰጠኝ። ደግሞስ እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይሸጠው የለ?»

ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ሁሉም ሱቅ ትሰሟታላችሁ። እውነትም አላት። ስለዚህ መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ በዚያው ጠዋት መንገዱ ላይ ያሉትን ሱቆች በሙሉ ዞርን። ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠን፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የተጻፈ፣ ሕጉን በአራት መስመር የሚናገር። ከዚያ ለሐጂ «ጎረቤትዎም ተነግሯል» ማለት ቻልን። እሳቸውም «እሺ፣ ያለኝን ለነጋዴው እመልሳለሁ» አሉ። መለሱም።

ለባለሱቁ ጊዜ ቁረጡለት። አንድ ሳምንት ይበቃል። ዕቃውን እኛ እናቃጥለው ወይም እንውሰደው እንዳትሉ፤ የመውረስ ሥልጣን የላችሁም።

5. እምቢ ካለ፣ በጽሑፍ አመልክቱ

ሁሉም እንደ ሐጂ አይደለም። አንዱ «ከፈለጋችሁ ክሰሱ» አለን። ወረቀት የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ነው።

በስልክ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 የሚባል ነፃ መስመር አለው። ከዚያ ጎን ለጎን ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስገቡ። የሺሻ ቤት ከሆነ ለፖሊስም ግልባጭ አድርጉ። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ይመረጣል፤ የቢሮው የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ቶሎ ይታያል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ደብተራችሁ ላይ ካለው ሦስትና አራት ቀን መርጣችሁ ከነሰዓቱ አስገቡ። «ወጣቱ እየጠፋ ነው» የሚለውን ቀንሱት። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው የትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዕቃ የሚለውን ነው። የጎረቤቶች ስምና ፊርማ አያይዙ።

ከሁሉ በላይ ደብዳቤውን ለሰው እጅ ሰጥታችሁ እንዳትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡ። ቅጂያችሁ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመቱ። የእኛ የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ከንቱ ቀርቷል። ሁለተኛውን በቁጥር ስላስገባነው «አልደረሰንም» የሚል አልነበረም። በየሳምንቱ ቁጥሩን ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው መድቡ። ጨዋ፣ ግን የማይሰለች ሰው ይሁን።

6. ትምህርት ቤቱን አትርሱ

የወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዙ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ልጅ ቬፕ ሲገኝበት ከማባረር በፊት ወላጅ ይጠራ። የተባረረ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው።

7. ልጁ ከጀመረ

ዱላ አታንሱ። «ማን ሰጠህ» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ጊዜ ሆነህ? ስታጣው ምን ይሰማሃል?» በሉት። ኒኮቲን ያቆመ ሰው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። የሚብሰው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አካባቢ ነው፤ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ይሄን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲመጣበት አይደነግጥም። ፈተና ባለበት ሳምንት አታስጀምሩት። ብቻውን ካቃተው ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። ሁለቱንም ጊዜ ራሱ መጥቶ ነገረን። ሐጂን አሁን ሲያልፍ ሰላም ይላቸዋል፤ እኛም ቻርጀር የምንገዛው ከእሳቸው ነው።