የሜይንፍሬም የባች ሥራዎችን በክላስተር ትንተና ለመመደብ የሚደረግ ዝግጅት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ዶሮ መዝለያ ላይ ከፊቱ የተጫነ ተሳቢ ከገጠመው፣ የራሱ ሞተር የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው የሚሄደው በፊተኛው ፍጥነት ነው። ደሴ የደረሰበትን ሰዓት ብቻ ተመልክቶ ስለ መኪናው ጉልበት የሚፈርድ ሰው እንደሚሳሳት ሁሉ፣ ሜይንፍሬም በሚባለው የትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተር ላይ የሚሄዱትን የባች ሥራዎችንም (ሰው ሳይጠብቃቸው በወረፋ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፈጁት ጊዜ የሚመድብ ሰው የሚመድበው ያጋጠማቸውን ወረፋ ነው። ይህ መመሪያ ሥራዎቹን በክላስተር ትንተና፣ ማለትም የሚመሳሰሉትን በቁጥራቸው አንድ ላይ በሚሰበስብ ስሌት፣ በተጠቀሙበት ሀብት ለመመደብ የሚያስፈልገውን ዝግጅት ያሳያል። ስሌቱ ጥቂት የፕሮግራም መስመሮች ብቻ ስለሆነና ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከስሌቱ በፊት ስለሆነ፣ በዝግጅቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ለዚህ ሥራ ሜይንፍሬሙ አጠገብ መቀመጥ አያስፈልግም። እኔ የምሠራው ደሴ ቤቴ ሆኜ ከባሕር ማዶ በሚላክልኝ መዝገብ ላይ ሲሆን፣ 8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ያለው ላፕቶፕ፣ ፓይተንና ሳይኪት-ለርን የተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት በቂ ሆነውኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ ላለመነሣት ግን የእያንዳንዱን ደረጃ ውጤት በፋይል እያስቀመጡ መሄድ ይበጃል።

የሚያስፈልገው መረጃ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። የአይቢኤም ዜድ/ኦኤስ ስርዓተ ክወና ኤስኤምኤፍ በሚባለው የመመዝገቢያ ክፍሉ እያንዳንዱ ሥራ የተጠቀመበትን ሀብት ይመዘግባል፤ ለእኛ የሚሆነውም ዓይነት 30 የተባለው መዝገብ ነው። ከንዑስ ዓይነቶቹ መካከል 4ኛው የሥራው እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ፣ 5ኛው ደግሞ ሥራው በሙሉ ሲያልቅ ይጻፋል። ሁለቱን አንድ ላይ የደመረ ሰው ያንኑ የሲፒዩ (የማሽኑ ዋና አስሊ ክፍል) ጊዜ ሁለት ጊዜ ስለሚቆጥር፣ ለመጀመሪያው ሙከራ 5ኛውን ብቻ ይውሰዱና 4ኛውን አንድ ምድብ ግራ ሲያጋባዎት ወደ ውስጥ ለማየት ያቆዩት። በዚሁ በዓይነት 30 ውስጥ ባች ያልሆኑ ነገሮችም አሉ፤ ሰዎች በቲኤስኦ (ከማሽኑ ጋር በቀጥታ እየተነጋገሩ በሚሠሩበት መግቢያ) ገብተው የሠሩባቸው ጊዜያትና ለቀናት ሳያቋርጡ የሚቆዩ የስርዓቱ አገልግሎቶች እዚያው ተመዝግበው ይገኛሉና የሥራውን ዓይነት በሚገልጸው መስክ አማካኝነት ይለዩአቸው። በስህተት የተቋረጡትንም ለብቻ ያስቀምጡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ትልቅ ሥራ በቁጥሩ ትንሽ ሥራ ይመስላልና። የሚወስዱት መዝገብ ቢያንስ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ እንዲያካትት 5 ወይም 6 ሳምንት ቢሸፍን ጥሩ ነው።

መዝገቡን ማሽኑ ላይ ከዳታሴት (የሜይንፍሬም ፋይል) የሚያወጣው ፕሮግራም አይኤፍኤኤስኤምኤፍዲፒ፣ ከሎግ ስትሪም (ተከታታይ የመዝገብ ማከማቻ) የሚያወጣው ደግሞ አይኤፍኤኤስኤምኤፍዲኤል ይባላል። ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ሲዛወር በባይነሪ ስልት (ባይቶቹ ምንም ሳይለወጡ)፣ የእያንዳንዱን መዝገብ ርዝመት የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶችም ሳይቀነሱ መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ስልት እንዲላክልኝ ጠይቄ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳወርድ አደርሁ፤ ጠዋት ስከፍተው የሥራዎቹ ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ቁጥሮቹ ግን ትርጉም አልነበራቸውም። ሜይንፍሬሙ ፊደልን የሚጽፈው ኤብሲዲክ በተባለው የፊደል ኮድ ነው፤ ትልቁ የላቲን ፊደል «ኤ» በኤብሲዲክ 193፣ ሌሎች ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት በአስኪ ደግሞ 65 ነው። የጽሑፍ ስልት 193 ባገኘበት ሁሉ 65 ይተካል፤ ያ ባይት የስም ፊደል ይሁን የሲፒዩ ጊዜ ቁራጭ ለይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ጥፋቱ የራሴ ነበር።

ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። በመዝገቡ ውስጥ 0124189 የሚል ቀን ቢያገኙ፣ ከዜሮው ቀጥሎ ያለው 1 የ2000ዎቹን ክፍለ ዘመን፣ 24 ዓመቱን፣ 189 ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የዓመቱን 189ኛ ቀን ያመለክታል፤ ይህም ጁላይ 7 ቀን 2024፣ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው። ለእኛ የበጀት ዓመት መዝጊያ የሆነው ይህ ቀን ማሽኑ ላለበት አገር ተራ እሑድ ነበር። ስለዚህ ለሥራዎቹ «የወር መዝጊያ» የሚል ምልክት ሲሰጡ የማሽኑን ባለቤት የቀን መቁጠሪያ ይከተሉ እንጂ ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለውን አይመልከቱ።

ለምደባው የምጠቀምባቸው መለኪያዎች አራት ናቸው፤ እነርሱም በሴኮንድ መቶኛ የሚመዘገበው የሲፒዩ ጊዜ፣ ዚፕ በተባለው ልዩ ፕሮሰሰር ላይ ያለፈው ጊዜ፣ ኤክስሲፒ የሚባለው የግብዓትና ውጤት ጥያቄዎች ብዛት፣ እንዲሁም ሥራው ያስጫነው ቴፕ ብዛት ናቸው። መዝገቦቹ ፍጥነታቸው ከሚለያይ ማሽኖች የመጡ ከሆነ የሲፒዩውን ጊዜ አስቀድመው የማሽኑን ፍጥነት ወደሚያመዛዝነው መለኪያ፣ ወደ አገልግሎት አሃድ፣ ይለውጡት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፈጀውን ጊዜ፣ የሥራውን ስምና የሥራውን ክላስ (ወረፋ የሚይዝበትን መደብ) ከስሌቱ ውጭ አደርጋቸዋለሁ፤ ከሰንጠረዡ ግን አልሰርዛቸውም፣ በኋላ ውጤቱን ለማንበብ ያስፈልጋሉ። ክላሱን ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት የሰጡት ሊሆን ስለሚችል፣ ስሌቱ ውስጥ ካስገባነው ያንኑ አሮጌ አመዳደብ አዲስ ግኝት አስመስሎ ይመልስልናል።

አሁን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ቦታ ደርሰናል። ለምሳሌ ያህል ሦስት ሥራዎች እንውሰድ፤ «ሀ» 2 ሴኮንድ ሲፒዩና 40,000 ኤክስሲፒ፣ «ለ» 200 ሴኮንድና 41,000፣ «ሐ» ደግሞ 2 ሴኮንድና 60,000 ተጠቅመዋል። ስሌቱ ሥራዎችን የሚያቀራርበው በቁጥሮቻቸው መካከል ባለው ርቀት ነውና፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ ይዘን ርቀት ብናሰላ ከ«ሀ» እስከ «ለ» 1,019 ገደማ፣ ከ«ሀ» እስከ «ሐ» 20,000 ይሆናል፤ ስለዚህ ስሌቱ አንዱ ከሌላው 100 እጥፍ ሲፒዩ የሚበላባቸውን «ሀ» እና «ለ»ን ወንድማማች ያደርጋቸዋል። የእያንዳንዱን ቁጥር ሎጋሪዝም በ10 መሠረት ወስደን ብናሰላ ግን ከ«ሀ» እስከ «ለ» 2፣ ከ«ሀ» እስከ «ሐ» 0.18 ያህል ሆኖ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማንም የማሽን ክፍል ሠራተኛ የሚስማማበትም ይህ ነው። ዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለው ሎጋሪዝሙን ከመውሰድዎ በፊት በሁሉም ላይ 1 ይደምሩ፣ ከዚያም እያንዳንዱን መለኪያ አማካዩ 0፣ መደበኛ ልዩነቱ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) 1 እንዲሆን ያስተካክሉ። አንድ መለኪያ ለአብዛኞቹ ሥራዎች ዜሮ ከሆነ ግን፣ ቴፕ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ይህ ማስተካከያ ቴፕ የሚነኩትን ጥቂት ሥራዎች ከልክ በላይ ስለሚያርቃቸው ያን መለኪያ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ለብቻው መያዝ ይሻላል። በተጨማሪም ሲፒዩን ለኤክስሲፒ አካፍሎ አምስተኛ መለኪያ ማድረግ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ከሎጋሪዝም በኋላ ማካፈል መቀነስ ብቻ ስለሆነ ያለውን መረጃ ደግሞ ከመቁጠር ሌላ ጥቅም የለውም።

ሥራው የሚጀምርበትን ሰዓት በዚህ ደረጃ አላስገባም። ማስገባት ካለብዎት 23፡50 እና 00፡10 የ20 ደቂቃ ጎረቤታሞች መሆናቸው እንዳይጠፋ ሰዓቱን በሳይንና በኮሳይን ወደ ክብ ይለውጡት። ሪፖርቱን ለአገር ሰው ሲያስረዱም የማሽኑ 02፡00 በእኛ አነጋገር ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ።

ምደባውን በኬ-ሚንስ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሥራ በጣም ለሚቀርበው የምድብ ማዕከል በሚሰጠው ስልት፣ ይጀምሩ። የምድቦቹን ብዛት አስቀድሞ መንገር ስለሚያስፈልግ ከ3 እስከ 12 ያለውን ሁሉ ይሞክሩ፤ መነሻ ነጥቦቹም በዕጣ ስለሚመረጡ እያንዳንዱን 20 ጊዜ ያህል ያስጀምሩ፣ የዕጣውንም መነሻ ቁጥር ይመዝግቡ። ውጤቶቹን ለማነጻጸር የስታቲስቲክስ ሊቁ ፒተር ሩሶ በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሲሉዌት የተባለው መለኪያ ይረዳል፤ ከ-1 እስከ 1 ይደርሳል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ምድቦቹ ተለያይተዋል ማለት ነው። ይህ መለኪያ የሁሉንም ሥራዎች የእርስ በርስ ርቀት ስለሚፈልግና የ50,000 ሥራዎች ርቀት በአንድ ሰንጠረዥ ቢቀመጥ 20 ጊጋባይት ስለሚወስድ፣ 5,000 ሥራዎችን በዕጣ አውጥተው በእነርሱ ላይ ያስሉት። የ7 እና የ9 ምድቦች ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ ካገኙት እኔ 7ቱን እመርጣለሁ፤ ኦፕሬተሮች (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች) ስም ሊያወጡለት የማይችሉት ምድብ አገልግሎት ላይ ሲውል አላየሁም።

ምድቦቹ ከወጡ በኋላ የአንድ ስም ሥራ በየቀኑ የት እንደሚወድቅ ይመልከቱ። አብዛኛው ስም ሁልጊዜ አንድ ምድብ ውስጥ ይገኛል፤ ጥቂቶቹ ግን ሰኞ ገበያ ላይ እንደሚሸጥ ሰርገኛ ጤፍ ናቸው፣ ነጭም ቀይም ተብለው አይጠሩም። እነዚህን በግድ ወደ አንዱ አይግፏቸው። የወር መዝጊያውን ምልክት ከጎናቸው ያስቀምጡና ይዩ፤ በተራ ቀን ከትናንሾቹ ጋር ውሎ በወር መጨረሻ ወደ ከባዶቹ የሚሻገር ሥራ ከሆነ፣ መርሐ ግብር ሲወጣለት እንደ ሁለት ሥራ መታየት አለበት። ከዚያ ሰንጠረዡን ለኦፕሬተሮቹ ልከው የማይመስላቸውን እንዲነግሩዎት ይጠይቁ፤ ፋይሉን ወደ ሌላ ሰው ከማሳለፍዎ በፊትም የተጠቃሚዎቹን መለያ በሌላ ምልክት ይተኩ።

በየሳምንቱ ምደባውን እንደ አዲስ ማስላት አያስፈልግም፤ ምድብ 3 የነበረው በሚቀጥለው ጊዜ ምድብ 5 ሆኖ ይመጣና ካለፈው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። የመጀመሪያውን ስሌት አማካዮች፣ መደበኛ ልዩነቶችና የምድቦቹን ማዕከሎች በአንድ ፋይል ያስቀምጡና አዲስ የሚመጡትን ሥራዎች ከእነዚያው ማዕከሎች ርቀታቸውን ብቻ ይለኩ። በመጀመሪያው ስሌት ከምድቡ አባላት 99 በመቶዎቹ የነበሩበትን ርቀት እንደ ወሰን ይዘው፣ ከዚያ ያለፈውን ሥራ ስም፣ ቀንና ሰዓት በየጠዋቱ በዝርዝር ያውጡ፤ የወሰን አላፊዎቹ ቁጥር ከሳምንት ወደ ሳምንት እየጨመረ ከሄደ ማዕከሎቹን እንደገና የማስላት ጊዜው ደርሷል።