ኤአይ የሰጣችሁ ሪፈረንስ ፐብሜድ ላይ ሲጠፋ

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ቴሲስ የሚጽፍ ሪዚደንት አይጠፋም። ሊትሬቸሩን ቻትቦት እንዲፈልግላችሁ ካደረጋችሁ እነዚህ ችግሮች ይገጥሟችኋል።

ምልክት፦ የደራሲው ስም፣ ጆርናሉ፣ ዓመቱ፣ ገጹ ሁሉ ተሟልቷል። የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ፐብሜድ ላይ ግን ወፍ የለም።

ምክንያት፦ ቻትቦቱ የሚጽፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው። ሪፈረንስ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ፣ የሚመስል ነገር ይሠራል። ኢንተርኔት ገብቶ የሚፈልገው ይሻላል፤ እሱም ግን እውነተኛ ጽሑፍ አምጥቶ ያላለውን ያስብለዋል። ለእኔ ይሄኛው ይብሳል። ሊንኩ ስለሚከፈት ማንም አይጠረጥረውም።

መፍትሄ፦ ርዕሱን ገልብጣችሁ ፐብሜድ ላይ ፈልጉ። የፒኤምአይዲ ቁጥሩ (ፐብሜድ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠው መለያ) ስለተከፈተ ብቻ አትመኑ፤ ወባ ስትጠብቁ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ከተገኘም አብስትራክቱ ላይ አትቁሙ። ኤአይው የጠቀሰውን ቁጥር ከነሰንጠረዡ ፈልጉት፤ የትኛው ቡድን ላይ እንደተለካም እዩ። ጽሑፉ ክፈሉ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራውን፣ የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያስነብበውን ሂናሪ ተቋማችሁ ይጠቀም እንደሆነ ላይብረሪ ጠይቁ።

ምልክት፦ ጽሑፉ አለ፣ ግን ተሽሯል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ላንሴት ላይ የወጣው የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥናት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነው የተሻረው። ኤአይው ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። ፐብሜድ ግን ከገጹ አናት ላይ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ምልክት፦ ስለ ኢትዮጵያ ጠይቃችሁ የውጭ አገር ጥናት ብቻ ይደረደራል።

ምክንያት፦ የአገር ውስጥ ጆርናል ሁሉ ፐብሜድ ውስጥ የለም። ኤአይውም የሠለጠነው በብዛት በሌላው ዓለም ጽሑፍ ነው።

መፍትሄ፦ እዚህ ጋ ኤአይን በደንብ ሥራ አሠሩት። «ጥናቶች ስጠኝ» ሳይሆን «የመፈለጊያ ቃላት ስጠኝ» በሉት። ተመሳሳይ ቃላትን፣ አሮጌ ስያሜዎችን፣ የሜሽ ቃላትን (ፐብሜድ ጽሑፎችን በርዕስ የሚመድብባቸውን ቃላት) ያወጣላችኋል። ሜሹን ፐብሜድ ላይ አረጋግጡና ራሳችሁ ፈልጉ፤ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም ግቡ። የፈለጋችሁበትን ቃልና ቀን መዝግቡ፤ አድቫይዘራችሁ መጠየቁ አይቀርም።

አንድ የቀረ አለ። የታካሚ ካርድ ፎቶ አንስቶ ለቻትቦት «ለዚህ ኬዝ ጥናት ፈልግልኝ» ማለት ተለምዷል። ይቅርባችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው መረጃ ነው የሚያየው። ለፍለጋው ደግሞ ስም አያስፈልግም፤ ዕድሜ፣ ጾታና ምርመራው ይበቃል።