ክብደት ላለው ሰው አነስ ያለ ሰርፍ ቦርድ አመራረጥ

ሰውነቱ ከበድ ያለ ሰው በሰርፍ፣ ማለትም በቦርድ ላይ ሞገድ በመጋለብ፣ ከጀማሪነት ወጣ ሲልና ትልቁን የስፖንጅ ቦርድ መቀየር ሲያምረው፣ ሱቅ ገብቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “ርዝመቱ ስንት ጫማ የሆነ ልግዛ?” ብሎ ነው። ጥያቄው ከመነሻው ያሳስታል፤ ሰውን ተሸክሞ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ርዝመት ሳይሆን በሊትር የሚለካው የቦርዱ ይዘት ነውና። ወደ ውኃ የገባ አንድ ሊትር ይዘት አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ከዚያም ላይ የቦርዱ የራሱ ክብደት ይቀነሳል። ስለዚህ 65 ኪሎ የሚመዝን ጓደኛዎ የሚደሰትበት ቦርድ ለእርስዎ ምንም ሊነግርዎ አይችልም።

ይህን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬ ነው። እኔ 96 ኪሎ ነኝ፤ ሰርፍ የማደርገውም በእስራኤል፣ በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ ነው። ከ9 ጫማ የስፖንጅ ቦርድ በአንድ ዝላይ ወደ 6 ጫማ ከ4 ኢንች፣ 38 ሊትር ወደሚይዝ ያገለገለ ጋልሻን (ሰርፍ ቦርድ በዕብራይስጥ) ወረድኩ። ተቀምጬ ሞገድ ስጠብቅ ውኃው ደረቴ ይደርስ ነበር፤ ስተኛበት ደግሞ የፊተኛው ጫፍ ውኃ ውስጥ ይጠፋል። ክረምቱን ሙሉ የያዝኳቸው ሞገዶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ልቀንስ ማለቴ ስህተት አልነበረም፤ የቀነስኩት ግን ከአቅሜ በላይ ነበር።

ለመቀነስ ጊዜው መድረሱን የሚያሳየው የተማሩበት ዘመን ብዛት አይደለም። ያልፈረሰ ሞገድ ማንም ሳይገፋዎ በራስዎ ክንድ ቀዝፈው ከያዙ፣ ሳይንበረከኩ ከተነሱ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በሞገዱ ግድግዳ ላይ መሄድ ከቻሉ፣ ቦርድዎም ሲጠማዘዝ መዘግየቱ ማበሳጨት ከጀመረ፣ ጊዜው ደርሷል። ነጭ አረፋውን ብቻ የሚጋልብ ሰው ግን ትልቁን ቦርድ ባይሸጥ ይሻለዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ክብደትዎን በኪሎ ይውሰዱና ለመጀመሪያው ቅነሳ በ0.6፣ ለሚቀጥለው በ0.5 ያባዙት። ለ96 ኪሎ ሰው ይህ በመጀመሪያ 58፣ ቀጥሎም 48 ሊትር አካባቢ ይሆናል፤ ቀሪውን ክብደት ውኃ ውስጥ የሚገባው አካልዎ ራሱ ያንሳፍፈዋል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች እስከ 0.4 እና ከዚያም በታች ይወርዳሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ባሕር የሚገባ ሰው ግን በዚህ ሊቀና አይገባም። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም በክረምት ወፍራም የጎማ ልብስ የሚለብስ ሰው ከስሌቱ ላይ ሁለት ሦስት ሊትር ቢጨምር አይጸጸትም።

የሚገቡበት ባሕርም በስሌቱ ውስጥ ድምፅ አለው። በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ሞገዱን የሚያስነሳው ብዙውን ጊዜ የቅርብ ነፋስ ስለሆነ፣ በአንዱና በተከታዩ መካከል ያለው ጊዜ አጭር፣ ጉልበቱም ደካማ ነው። ከሩቅ ማዕበል ተነስቶ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ሞገድ ቦርዱን ራሱ ይገፋዋል፤ የእኛው ግን ሰውየው ራሱ እንዲቀዝፍ ይጠብቃል። ስለዚህ ለካሊፎርኒያ ወይም ለሃዋይ የተጻፈ የመጠን ሠንጠረዥ አሽዶድ ወይም ነታንያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያሳንስብዎታል። የዚህ ባሕር ጨው ከውቅያኖሱ ይበልጣል፣ ስለዚህም የበለጠ ያንሳፍፋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ልዩነቱ ቁርስ በልቶ ከመግባትና ሳይበሉ ከመግባት አይበልጥም።

ሊትሩ ከታወቀ በኋላ ቀሪው ሥራ ቅርጹን መምረጥ ነው። ከርዝመቱ የሚቀንሱትን ለወርዱና ለውፍረቱ ይመልሱለት። 7 ጫማ ከ6 ኢንች ርዝመት፣ 22 ተኩል ኢንች ወርድና 3 ኢንች ውፍረት ያለው ቦርድ ወደ 56 ሊትር ይይዛል፤ 6 ጫማ ከ10 ኢንች ሆኖ ወርዱ 22፣ ውፍረቱ 3 ኢንች የሆነው ደግሞ 50 ሊትር አካባቢ ይይዛል። ሙሉ 8 ኢንች አጥሮ የጠፋው 6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ውፍረት በዓይን የማይታይ ቢመስልም፣ እዚህ መጠን ላይ የኢንች አንድ ስምንተኛ ለውጥ ሁለት ሊትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቦርዱን በጎኑ አቁመው ሲያዩት ከፊት በጣም ወደ ላይ ያልታጠፈ፣ ጠፍጣፋነቱ የሚያመዝን፣ ውፍረቱም ደረትዎ በሚያርፍበት ቦታ ላይ የበረከተ ይሁን። ለደካማ ሞገድ እኔ የምመርጠው ፊሽ የሚባለውን፣ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀውን ዓይነት ነው። ቦርድ ሠሪው ስቲቭ ሊስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲየጎ መጀመሪያ የሠራው ተንበርክኮ ለመጋለብ ነበር፤ አጭር፣ ሰፊና ጠፍጣፋ መሆኑ ግን ዛሬ ለከባድ ሰው እንደ ልክ ልብስ ሆኖለታል።

ያገለገለ ሲገዙ እጅዎ ከዓይንዎ ይቅደም። ተረከዝ የሚያርፍበትን ቦታ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድና ሲለቁት የሚመለስ ከሆነ የውጭ ልባሱ ፋይበርግላስ ከውስጡ ፎም ተላቋል ማለት ነውና ይተዉት። ከጅራቱ ሥር ያሉት መሪ ክንፎች በተሰኩበት ዙሪያ ቡናማ እድፍ ካለ ውኃ ገብቶታል። አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ክብደትዎን ሳያሳንሱ ይናገሩ፤ የላይኛው ፊት በሁለት የፋይበርግላስ ጨርቅ፣ ባለ ስድስትና ባለ አራት አውንስ፣ ተደርቦ ቢሠራ ክብደቱ ጥቂት ይጨምራል፣ ነገር ግን ተረከዝዎ ቶሎ አይሰረጉድበትም።

ክንፎች የሚሸጡት በሰው ክብደት ተመድበው ነው፤ ከ85 ኪሎ በላይ ከሆኑ ትልቁን መጠን ይውሰዱ፣ ትንሹ ሲጠመዝዙ ጅራቱን ያንሸራትተዋል። የእግር ገመዱም ከቦርዱ ርዝመት የማያንስና ወፈር ያለ ይሁን።

አዲሱን ቦርድ መጀመሪያ ይዘው የሚገቡት ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ሲቀመጡ ውኃው እምብርትዎ አካባቢ ከቆመ፣ ተኝተው ሲቀዝፉም የፊተኛው ጫፍ ከውኃው ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ካለ ሊትሩ ልክ ነው። ጫፉ ከሰጠመ በቦርዱ ከመፍረድዎ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ይንሸራተቱ፤ ሚዛኑን ያገኙበትን ቦታ፣ አገጭዎ በሚያርፍበት በኩል፣ በሰም ምልክት ያድርጉበት።