ወጣቶችን ስለ መጪው ዘመን ስናወያይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን እየሰበሰብን የተሻለ ኅብረተሰብ ምን ሊመስል እንደሚችል ማወያየት ከጀመርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ወደ እኛ የሚመጡትም በዚያው የዕድሜ ክልል ያሉ፣ ገሚሶቹ ገና ተማሪዎች፣ ገሚሶቹ ባጃጅ ነጂዎች፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ተመርቀው ሥራ የሚጠባበቁ ናቸው። የዛሬ ወጣት ማለም አይችልም ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ ግን ነገሩ የሚበላሸው በአጠያየቃችን ይመስለኛል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አንዳንዶቹ የራሴ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ከአጠራራችን ይጀምራል። በየስብሰባው መክፈቻ ወጣቱን «የነገ አገር ተረካቢ» እንለዋለን። ተረካቢ ማለት ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ፈርሞ የሚቀበል ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛም ተረካቢ ነው። እንዲህ ብለን ከጠራነው በኋላ ቀጥለን «አዲስ ሐሳብ አምጣ» ብንለው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

የግል ሙያን እንደ መልስ መቀበል

«ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለውን ጥያቄ ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው ስለሚያውቁት መልሱም በቃል የተያዘ ነው፤ ሐኪም፣ ፓይለት፣ መሐንዲስ። ጥያቄው ስለ አንድ ሰው ኑሮ ነው፤ በከተማ ዳርቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሰፈር ስለ መውጣት ነው። መሐንዲስ የሆነው ልጅ መሀል ከተማ ቤት ይከራያል፤ ሰፈሩ በነበረበት ይቀራል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት «ከ30 ዓመት በኋላ አገራችን ምን ትመስላለች?» ብዬ ወረቀት አድዬ ነበር። የተመለሱልኝ ወረቀቶች ሁሉ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተቀዱ ይመስሉ ነበር፤ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ ሰላም፣ ብልጽግና፣ እንደገና ፎቅ።

ጥያቄውን ያሻሻልነው ዘግይተን ነው። «ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ተራ ማክሰኞ ቀን ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤትሽ ስትሄጂ ምን ታያለሽ? ማንን ታገኛለሽ? አሮጊቶቹ የት ተቀምጠዋል?» ብለን ስንጠይቅ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዬን፣ ስልኬን በእጄ ይዤ፣ ሳልሮጥ እሄዳለሁ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ መብራት፣ እስከ ምሽት ስለሚከፈቱ የምድር ቤት ሱቆች፣ ወንዶቹ በብሎኩ መግቢያ ላይ ስለሚቆሙበት ሁኔታ፣ ሴት ልጅ ስትረበሽ አይቶ ዝም ስለሚል ጎረቤት ሆነ። አገር የሚለው ቃል አንድ ጊዜም ሳይነሣ ስለ ኅብረተሰብ የተነጋገርንበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር።

ባዶ መሬት ላይ እንደምንጀምር ማስመሰል

ከሁሉም ከባዱ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየሞቹ ከመቆማቸው በፊት ይህ አካባቢ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ የሚበቅልበት የገበሬዎች ማሳ ነበር። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ የተነሣውን ተቃውሞ የማያስታውስ የአካባቢው ሰው የለም። ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ወላጆቿ ለዓመታት ቆጥበው ዕጣ የደረሳቸው ልጅና አያቱ እዚያው ቦታ ላይ ያርሱ የነበሩ ልጅ ናቸው። አወያዮች ይህን ጉዳይ ከማንሣት እንሸሻለን፤ ስብሰባው እንዳይረበሽ እንሰጋለን። በፍርሃታችን የምናተርፈው ግን የጨዋ ቃላት ክምር ነው። ሁሉም «ፍቅር፣ አንድነት፣ መቻቻል» ይላል፤ ማንም ያሰበውን አይናገርም።

አንድ ቅዳሜ ወጣቶቹ የወደፊቱን ሰፈር በትልቅ ወረቀት ላይ እንዲስሉ አድርገን ነበር። መናፈሻ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የብስክሌት መንገድ ተሣለ። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ወረቀቱን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «አያቴ ግን የት አሉ?» ሲል ጠየቀ። የምንመልስለት አልነበረንም። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱን ትተን ከአካባቢው ነባር አባቶችና እናቶች ሁለቱን ጋብዘን፣ ጅረቱ በየት ይፈስ እንደነበር፣ ከብት የት ይውል እንደነበር፣ ኮረብታውና ሜዳው ማን ተብለው ይጠሩ እንደነበር እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። አብዛኛው ጨዋታ በአፋን ኦሮሞ ስለነበር ከወጣቶቹ አንዱ አስተረጎመ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በአማርኛ ብቻ ስናወያይ ስንቱን ዝም እንዳሰኘነው የገባኝም ያኔ ነው። አዲሱ ሥዕል በእነዚያ ስሞች ላይ ተሣለ። ቅሬታው ሁሉ ተፈታ ማለቴ አይደለም፤ ካሣን በሚመለከት የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ይቀጥላል። ነገር ግን የሚከራከሩት በአንድ ሥዕል ዙሪያ ሆነው ነው።

የአባቶችን ታሪክ በግማሽ መንገር

በየቤቱ «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ወጣቶቹ አያውቁም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጡ። በዚያን ጊዜ ሐሳቡ ለብዙ ሰው እብደት ይመስል ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። በእነዚሁ ዓመታት መካከል ደግሞ ቀይ ሽብር አለ፤ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች አሉ።

ድሉን ብቻ የሚነግር አወያይ ይዋሻል፤ ሞቱን ብቻ የሚነግርም ወጣቱን አስፈራርቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል። እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ትውልድ ምኑን አጥርቶ አየ፣ ምኑንስ ሳያይ ቀረ? መሬቱ በማን እጅ እንደሚሆን በዓይነ ኅሊናው ሥሎ ነበር። ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ካለው ጓደኛው ጋር በአንድ ከተማ እንዴት እንደሚኖር ግን አልሣለም። ይህን ስናነሣ ወጣቶቹ የራሳቸውን ሥዕል እንደገና ያዩታል፤ «በእኛ ሰፈር የማይስማማው ሰው ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ያለ ጊዜው «እንዴት?» ማለት፣ ወይም ጨርሶ አለማለት

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት በወግ ልብስ ተሸፍኖ ሲመጣ «በጀቱ ከየት ይመጣል?» ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጥፋቱ በአምስተኛው ደቂቃ መጠየቁ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በአንድ ወቅት የማይመስል ነገር ነበረች። ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ እያለቀ ስለሄደ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችው ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በዙሪያዋ ስለተተከለ ነው። በዚያን ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ «ከባሕር ማዶ በመጣ ዛፍ ከተማ እናድናለን» ቢል፣ ከእኛ ስብሰባ ተስቆበት ይወጣ ነበር።

ታሪኩን እዚህ ማቆም ግን ሁለተኛውን ስህተት መሥራት ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አያስበቅልም ተብሎ ዛሬ ይወቀሳል። ስለዚህ ሐሳቡ ጥቂት ካደገ በኋላ «ይህ ቢሳካ ማን ይጎዳል?» ብለን እንጠይቃለን። ይህ ጥያቄ ከበጀት ጥያቄ ይልቅ ወጣቶቹን ሲያሠራ አይቻለሁ፤ የብስክሌት መንገድ የሣሉት ልጆች መንገዱ የጉልት ሻጮቹን ቦታ እንደሚወስድ ያወቁት በዚህ ነው።

ስብሰባን በችግር ዝርዝር መክፈትም ስህተት ነው። ውኃ በፈረቃ መሆኑን፣ ታክሲ መጥፋቱን፣ የቤት ኪራይ መናሩን ሁሉም ያውቃል፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ ሰዓቱም ጉልበቱም አብሮ ያልቃል።

ወረቀቱን ሰብስቦ መሄድ

የመጨረሻው ስህተት ከስብሰባው በኋላ የሚፈጸም ነው። ፎቶ ይነሣል፣ ሻይና ኬክ ይቀርባል፣ ወጣቶቹ የጻፉት ወረቀት ተጠቅልሎ ወደማይታወቅ ቢሮ ይወሰዳል። በሁለተኛው ዙር የተጠሩት ካልመጡ ተስፋ ቆርጠዋል ይባላል እንጂ ወረቀታቸው የት እንደደረሰ የሚነግራቸው የለም። እኛ አሁን ዋናውን ቅጂ ለወጣቶቹ እንተዋለን፤ ከሥዕሉም ውስጥ በሦስት ወር ሊነካ የሚችል አንድ ነገር ብቻ እንዲመርጡ እንጠይቃቸዋለን።

ባለፈው የመረጡት ማታ ሳትሮጥ ብቻዋን መሄድን የተመኘችውን የዚያችን ልጅ መንገድ ነበር። ከታክሲ መውረጃው እስከ መጨረሻው ብሎክ ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች በሁለት ምሽት ቆጠሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይበሩም። ደብዳቤ ጽፈው ለሚመለከተው ክፍል ወሰዱ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሱ፤ በሦስተኛው ማኅተም ተደረገላቸው። እስካሁን ሦስት አምፖሎች ተቀይረዋል። የቀሩትን በሚመለከት በመጪው ወር እንደገና ይሄዳሉ፤ የደብዳቤው ቅጂ በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ነው።