ወደ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ተማሪዎች የክረምት የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት እንዴት ይዘጋጃል?

በመስከረም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚገቡ ልጆች ብዙዎቹ ስልክ አሳምረው ይነካካሉ፤ የቁልፍ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጡ ግን ፊደል ፍለጋ በአንድ ጣት ይንከራተታሉ። 9ኛ ክፍል ደግሞ አይጠብቃቸውም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ የኮምፒውተር ክፍሉም ተራ ቶሎ አይደርስም። በክረምቱ ሦስት ሳምንት ቢሰጣቸው ይህን ጅማሬ ያለ ፍርሃት ይወጡታል። ኢንተርኔት በሌለው ተራ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህንን ትምህርት የሚያዘጋጅ መምህር ወይም በጎ ፈቃደኛ እንደሚከተለው ሊያደርግ ይችላል።

ጊዜና ተማሪ

ነሐሴ ጥሩ ወር ነው። ፍልሰታ እስከ ነሐሴ 16 ስለሚቆይ ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ትምህርቱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ተማሪዎችን በሒሳብ ውጤት አትምረጡ። ቀድሞ የተመዘገበ ይግባ፤ ከመቀመጫዎቹ ግማሹን ግን ለሴት ልጆች ያዙ። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ይበቃል። በየ15 ደቂቃው ሰዓት እያያችሁ የሚጽፈው እንዲለወጥ አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ደፋሩ ልጅ የቁልፍ ሰሌዳውን ይዞት ይውላል፤ ጓደኛው ደግሞ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ኮምፒውተሮቹን ማዘጋጀት

የምታስተምሩበት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ፓይተን (Python) ይሁን፤ በነጻ የሚገኝ ነው፤ አንድ ቀን ኢንተርኔት ባለበት አውርዱና በፍላሽ አምጡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያሉት አሮጌ ማሽኖች በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ናቸው፣ በዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን ደግሞ 3.8 ነው። አዲሱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለቱንም ያዙ። ፍላሹንም ከመሰካታችሁ በፊት ከቫይረስ አጽዱት፤ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚታመመው በፍላሽ ነው። መጻፊያው አብሮ የሚመጣው አይድል ይሁን። ሌሎች ያማሩ መጻፊያዎች ሞልተዋል፤ ለጀማሪ ግን የሚታየው ቁልፍ በበዛ ቁጥር ሐሳቡ ይበተናል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ኮምፒውተር

ኮምፒውተሮቹ ይዘጉ። በአምስት ካርቶኖች ላይ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥቦችን ሳሉና አምስት ልጆች ፊት ለፊት ይዘዋቸው ይቁሙ። ካርቶኑ ሲገለጥ ይቆጠራል፤ ሲገለበጥ አይቆጠርም። ከዚያ ከተቀመጡት አንዱ የተወለደበትን ቀን ይናገር። 17 ካለ፣ የቆሙት ልጆች 16ን እና 1ን ገልጠው ሌሎቹን ይገለብጣሉ። አምስት ካርቶን እስከ 31 ስለሚያስቆጥርና የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ የማንኛውም ልጅ የልደት ቀን በእነዚህ ይወጣል። ኮምፒውተር ቁጥርን በሁለት ምልክቶች ብቻ እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ስላይድ እስካሁን አላየሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ መብራት በጠፋበት ቀንም ይሠራል።

የጳጉሜን ፕሮግራም

ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ቢያንስ አራት ቀን ስጡት። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ በአንድ ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ነው ወይስ 6? መልሱን አትንገሯቸው። ጳጉሜን 6 ቀን የሆነባቸውን 2007፣ 2011 እና 2015ን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉና ሕጉን ራሳቸው ይፈልጉት። «በየአራት ዓመቱ ነው» የሚለው ቶሎ ይመጣል። «ታዲያ 2016 ለምን አልሆነም?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው ሥራው የሚጀምረው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍ ከሆነ ጳጉሜን 6 ነው የሚለው ላይ እስኪደርሱ ታገሡ። የደረሱበትን ደብተራቸው ላይ በአማርኛ ይጻፉት። ደብተሩ ላይ ያልጸዳ ሐሳብ ኮምፒውተሩ ላይ አይጸዳም።

ወደ ማሽኑ ሲመጡ ሦስት ወጥመዶች ይጠብቋቸዋል።

አንደኛው ምልክት ነው። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ስለሚቀበል ልጆቹ ቁጥሩን የሚይዘውን ስም «ዓመት» ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ እኔም ለመጀመሪያው ሳምንት ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ። ነገር ግን «ይህ ከሆነ» ብሎ ከሚጀምረው የኢፍ (if) መስመር መጨረሻ የሚገባው የእንግሊዝኛው : እንጂ የአማርኛው ፡ አይደለም። በዓይን ስታዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ልጁ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ከረሳ የሲንታክስ (የአጻጻፍ ሕግ) ስሕተት ይመጣበታል፤ መስመሩን አሥር ጊዜ ቢያነበውም ጥፋቱ አይታየውም። በነጠላ ሰረዝም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ደንብ አውጡ፦ ስም በአማርኛ፣ ምልክት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ላይኛው መስመር ላይ «ዓመት»፣ ታችኛው ላይ «አመት» ብሎ ቢጽፍ ፓይተን ሁለተኛውን «አላውቀውም» ይላል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ሁለት። ይህንን በደረቁ «ተጠንቀቁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ፕሮግራም ስጧቸውና ጥንድ ጥንድ ሆነው ይፈልጉት፤ አንዴ በዓይኑ ያገኘው ልጅ ዳግመኛ አይረሳውም።

ሦስተኛው ብዙ ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ነው። ተማሪው ዓመቱን በኢንፑት (input)፣ ማለትም የሚጻፍለትን በሚቀበለው ትእዛዝ ይጠይቃል፣ 2015 ይጽፋል፣ ከዚያም የ% ምልክትን ተጠቅሞ ትራፊውን ለማግኘት ይሞክራል። ፓይተንም ስለ ጽሑፍ አቀነባበር የሚናገር፣ ከጳጉሜን ጋር ምንም የማይገናኝ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያወጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በኢንፑት የገባ ነገር ሁሉ ቁጥር ቢመስልም እንኳ ጽሑፍ ነው፤ የ% ምልክት ደግሞ ከጽሑፍ ጋር ሲውል ማካፈሉን ትቶ ጽሑፍ ውስጥ ነገር የመሰካት ሥራ ይሠራል። ፓይተን ሊሰካ ሞክሮ ቦታ አጣ። መድኃኒቱ ኢንፑቱን ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚለውጠው በኢንት (int) ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው። መድኃኒቱን ብቻ ግን አትስጡ። አስቀድመው በኢንፑት የገቡ 5 እና 5ን ደምረው 55 ሲመጣ ይዩት፤ ያኔ ጽሑፍና ቁጥር የተለያዩ መሆናቸው ይገባቸዋል።

ፕሮግራሙ ከሠራ በኋላ በ2015 ብቻ ሞክሮ «ጨረስኩ» የሚልን ልጅ አትልቀቁት። 2016፣ 2017 እና 2018ንም ያስገባ፤ አራቱም ትራፊዎች ሲፈተኑ ነው የተጨረሰው።

ከዚሁ ጋር እያንዳንዱ ተማሪ የስሕተት ደብተር ይያዝ። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ከታች ያለውን የመጨረሻ መስመር መጀመሪያ ያነባል፣ ቀጥሎ የመስመሩን ቁጥር ይፈልጋል፣ የስሕተቱን ስም በእንግሊዝኛ ገልብጦ ትርጉሙንና መፍትሔውን በአማርኛ ይጽፋል። መምህሩም የቁልፍ ሰሌዳውን ከልጁ እጅ ነጥቆ ማስተካከል የለበትም። ልጅን ከኮምፒውተር የሚያርቀው ስሕተቱን ሌላ ሰው ሲያርምለት ማየት ነው። ፋይሉንም በየጊዜው እንዲያስቀምጥ ንገሩት፤ መብራት ሳይነግር ይሄዳል።

ድግግሞሽ

ሥራን ለሚደጋግመው ለዋይል (while) ትእዛዝ መለማመጃ በውጭ የፕሮግራሚንግ መማሪያዎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለውን ዘዴ ስጡ። 17ን በ34 ለማባዛት በግራ 17ን ትራፊውን እየጣላችሁ ግማሽ ታደርጋላችሁ፦ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ 34ን እጥፍ ታደርጋላችሁ፦ 34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ሳይሆን ጎዶሎ ቁጥር የቆመበትን መስመር ብቻ ትይዛላችሁ፤ 34 እና 544 ሲደመሩ 578። የተያዙት የመጀመሪያውና አምስተኛው መስመሮች፣ በካርቶኖቹ 17 ሲወጣ የተገለጡት 1 እና 16 ናቸው። ይህንን አንድ ተማሪ እስኪያስተውለው ጠብቁ፤ ካስተዋለ ክፍሉ በሙሉ ይነቃል።

የመጨረሻው ቀን

ጥንዶቹ ዓመት ተቀብሎ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም ይጻፉ። ትራፊው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ወላጆችን ጥሩና እነሱ ዓመት እየጠሩ ይፈትኑት፤ ብዙዎቹ መልሱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ከእነሱ የተሻለ ፈታኝ የለም።

ከመለያየታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሥራ በፍላሽ ስጡት። ቤቱ ኮምፒውተር ለሌለው ልጅ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ጫኑለት፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የስሕተት ደብተሮቹን ቅጂ ደግሞ ለ9ኛ ክፍሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር አስረክቡ፤ ልጆቹ የት ላይ እንደሚቸገሩ መስከረም ሳይጠባ ያውቃል።