የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ዋና አሰልጣኞችን ሰንጠረዥ ሳይሳሳቱ ለማዘጋጀት

አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ስም፣ የውድድር ዘመን፣ ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ። (የአሜሪካን ፉትቦል ነው፤ ከእኛ እግር ኳስ ጋር አይምታታ።) ዓመቱን ውድድሩ በተጀመረበት ይመዝግቡ። ኒክ ሴባን የ2009ኙን ዋንጫ ያነሳው በጃንዋሪ 2010 ነው፤ ድሉ ግን የ2009 ነው። 1943 ላይ ባዶ ይተዉ፤ በጦርነቱ ምክንያት ቡድን አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቻ ላይ ነው። የጭማሪ ሰዓት ደንብ በ1996 ለሁሉም ጨዋታ ከመጣ ወዲህ አቻ ቀርቷል፤ የድል ምጣኔ ሲያሰሉ ከዚያ በፊት ያለውን እያንዳንዱን አቻ እንደ ግማሽ ድል ይቁጠሩ። ቤር ብራያንት (1958–1982) 232 ድል፣ 46 ሽንፈትና 9 አቻ አለው። 236.5 ድል ለ287 ጨዋታ ሲካፈል 0.824 ይመጣል። አቻዎቹን ከዘለሏቸው 0.835 ይሆንና ያለአግባብ ከፍ ይላል።

የተሰረዙ ድሎችስ? የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ከ2005 እስከ 2007 የነበሩ 21 ድሎችን ሰርዟል። ስለዚህ የሴባን የ2007 ውጤት ሜዳ ላይ 7 ድልና 6 ሽንፈት፣ በመዝገብ 2 ድልና 6 ሽንፈት ነው፤ ሁለቱንም ይጻፉ። አንዱን ብቻ ከጻፉ ጠቅላላ ድምሩ ከሌሎች ሰንጠረዦች ጋር አይገጥምም።

ማይክ ፕራይስ በ2003 የተሰናበተው አንድም ጨዋታ ሳይመራ ስለሆነ ቦታው የግርጌ ማስታወሻ ነው።