በረዶ በሚያወጣው ቅርጽ አጥንት መሰል ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ እንዴት እንደሚሠራ

የባሕር ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ጨዉ በክሪስታሎቹ ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ በረዶው እያደገ ሲሄድ ጨዉን ወደ ጎን እየገፋ በመካከሉ በሚቀሩት ጠባብ ክፍተቶች ይሰበስበዋል። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ባሕርይ በመጠቀም፣ በይዘቱ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚቀራረበውን ሃይድሮክሲአፓታይት በውኃ በጥብጠው ከአንድ ወገን በማቀዝቀዝ ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ ሠሩ፤ በረዶው የገፋቸው የዱቄት ቅንጣቶች ግድግዳ ሲሆኑ፣ በረዶው ራሱ የነበረበት ቦታ በረዶው ሲወገድ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። 47 በመቶው ባዶ የሆነ ናሙና ሲጨመቅ እስከ 145 ሜጋፓስካል የሚደርስ ግፊት መሸከሙ፣ ቀዳዳና ጥንካሬ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያሳያል። እዚህ የምገልጸው አሠራር ለመማሪያና ለምርምር ናሙና ብቻ ነው፤ በሰው አካል ውስጥ ለሚገባ ነገር የሚያስፈልጉት የንጽሕናና የደኅንነት ፍተሻዎች ራሱን የቻለ ሥራ ናቸው።

በመጀመሪያ ድብልቁን ያዘጋጁ። ለ100 ሚሊ ሊትር ድብልቅ 63 ግራም ያህል ደቃቅ የሃይድሮክሲአፓታይት ዱቄትና 80 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ይበቃል፤ ይህም በክብደት ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ሲለካ 20 በመቶው ጠጣር ነው ማለት ነው። ከዱቄቱ ክብደት 2 በመቶ የሚሆን ፖሊቪናይል አልኮል አስቀድመው በዚሁ ውኃ ውስጥ በሙቀት ያሟሙ፤ ከደረቀ በኋላ ናሙናው እንዳይፈርስ የሚያያይዘው እርሱ ነው። ቅንጣቶቹ እንዳይጓጉሉ የሚበትን ኬሚካልም 1 በመቶ ያህል ይጨምሩ። በእጅ ማማሰል በቂ ነው የሚለውን ምክር አልቀበልም። ድብልቁ በኳስ ወፍጮ (ጠንካራ ኳሶች ድብልቁን በሚፈጩበት የሚሽከረከር ዕቃ) ውስጥ ሌሊቱን ማደር አለበት፤ ያልተበተነ ጉጉል ኋላ የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና። ከዚያም አየሩን በቫኩም ያውጡለት።

ቅርጽ ማውጫው ቀላል ነው፦ በመዳብ ዘንግ ጫፍ ላይ የቆመ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የቴፍሎን ቱቦ ይበቃል። መዳቡ ቅዝቃዜውን ከታች ያደርሳል፤ ቴፍሎኑ ደግሞ ከጎን እንዳይገባ ይከለክላል።

የሥራው ሁሉ ዕጣ የሚወሰነው በማቀዝቀዙ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች መዳቡን በፈሳሽ ናይትሮጅን ወይም በደረቅ በረዶ (በረዶ በሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አቀዝቅዘው ድብልቁን ይጨምሩበትና እስኪረጋ ይጠብቃሉ። ድብልቁ በእርግጥ ይረጋል፤ ነገር ግን በረዶው በወፈረ ቁጥር ራሱ የሙቀትን መውጫ ስለሚያዘገየው፣ ከታች ፈጥኖ የተነሣው የበረዶ ግንባር (በበረዶውና ገና ባልረጋው ድብልቅ መካከል ያለው ድንበር) ወደ ላይ ሲወጣ እያዘገመ ይሄዳል። ፈጣን ግንባር ቀጭንና ጥቅጥቅ ያሉ የበረዶ ንጣፎችን ሲፈጥር ዘገምተኛው ሰፋፊዎቹን ስለሚፈጥር፣ የናሙናው ታችና ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይወጣሉ።

መፍትሔው የመዳቡን ሙቀት በእኩል ፍጥነት ያለማቋረጥ ዝቅ እያደረጉ መሄድ ነው። የዘንጉ ታችኛ ጫፍ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል፤ በላይኛው ክፍል ዙሪያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠመጠማል፤ ቴርሞካፕል በሚባል የሙቀት መለኪያ የሚመራ ተቆጣጣሪም የማሞቂያውን ኃይል እየቀነሰ ሙቀቱን በደቂቃ ከ1 እስከ 10 ዲግሪ ያወርደዋል። ገንዘብ የሚወጣበት አንድ መሣሪያ ቢኖር ይህ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይገባል፤ በሌላው ሁሉ መቆጠብ ይቻላል። ድብልቁን አስቀድሞ ወደ 4 ዲግሪ ማቀዝቀዝ፣ የመዳቡንም ፊት በአንድ አቅጣጫ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ክሪስታሎቹ ሥርዓት ይዘው እንዲነሡ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን የታችኛው ጫፍ አይታመንም። ውኃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶም ሳይረጋ ሊቆይና ከዚያ በድንገት ሊረጋ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት በረዶው ቅንጣቶቹን ለመግፋት ጊዜ ስለማያገኝ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ሽፋን ይፈጠራል። ስለዚህ ናሙናውን ከሚፈለገው ጥቂት ሚሊ ሜትር አስረዝሞ መሥራትና ኋላ መቁረጥ ይሻላል። ፈሳሽ ናይትሮጅን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከመሆኑም ሌላ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተን የሚተነፈሰውን ኦክስጅን ያሳንሳል፤ ጓንት፣ መነጽርና በደንብ የሚናፈስ ክፍል የግድ ናቸው።

የረጋውን ናሙና ሳይቀልጥ ፈጥነው አውጥተው በፍሪዝ ድራየር (በረዶን በዝቅተኛ ግፊት በሚያደርቅ ማሽን) ውስጥ ያስገቡት። በረዶው ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎት እንዲለወጥ ግፊቱ ከ611 ፓስካል እጅግ በታች መሆን አለበት። ለዚህ ናሙና አንድ ወይም ሁለት ቀን ይመደባል። መሐሉ ሳይደርቅ ቢወጣ የቀረው በረዶ ቀልጦ ግድግዳዎቹን ያፈርሳቸዋል፤ በዚህ ደረጃ የሚታየኝ አብዛኛው ብልሽት ከመቸኮል የሚመጣ ነው።

በመጨረሻ ናሙናው በምድጃ ይተኮሳል። እስከ 600 ዲግሪ ድረስ ማያያዣው ተቃጥሎ ስለሚወጣ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ብቻ ያሙቁት፤ ከዚያ ወደ 1,250 ወይም 1,300 ዲግሪ አድርሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆዩት። ከዚህ እጅግ ማለፍ ሃይድሮክሲአፓታይቱን ወደ ሌሎች የካልሲየም ፎስፌት ዓይነቶች ይበትነዋል።

ተተኩሶ የቀዘቀዘውን ናሙና ክብደት በግራም፣ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ለሚለካው ይዘቱ አካፍለው፣ ውጤቱንም ቀዳዳ ለሌለው ሃይድሮክሲአፓታይት እፍጋት ለ3.16 አካፍለው ከ1 ሲቀንሱ የባዶውን ድርሻ ያገኛሉ። ከዚያ በርዝመቱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ፤ ግድግዳዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጾች ጎን ለጎን ቆመው መታየት አለባቸው። የአጥንት ሕዋሳትና የደም ሥሮች በደንብ እንዲገቡ ቀዳዳው 100 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ በውኃ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ጠብቦ ይወጣል። ለማስፋት የማቀዝቀዙን ፍጥነት ወደ 1 ዲግሪ ማውረድና የዱቄቱን መጠን መቀነስ ይቻላል፤ ዱቄቱ በቀነሰ ቁጥር ግን ጥንካሬው ስለሚወርድ፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ናሙናውን በመጨመቂያ ማሽን መፈተን ያስፈልጋል።